ኮከብ፣ ስምና የተረፈው ገንፎ

ስለ «ዐውደ ነገሥት» እና ስለ ሐረር የዓመት መባቻ የቀረበ ሒስ

ሒሰኞቻችን ስለ ልብ ወለድ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ግጥምም እንዲሁ። ተውኔቱም ቢሆን ቢያንስ የሚያማው ሰው አላጣም። በየመጽሐፍ አዟሪው ክንድ ላይ ከጸሎት መጻሕፍት ጋር ተደርቦ የሚዞረውን፣ በየቤቱ ከሣጥን ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚቀመጠውን «ዐውደ ነገሥት»ን ግን እንደ መጽሐፍ አንብቦ፣ እንደ መጽሐፍ መዝኖ፣ «ይህ ብርታቱ፣ ይህ ድካሙ» ያለ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። የሚያምንበት አይተቸውም፤ የማያምንበት አይከፍተውም። በመካከሉ ሳይነበብ የቀረው መጽሐፉ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እኔም ብሆን ንጹሕ ዳኛ አይደለሁም። ከዚህ መጽሐፍ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ቂም ያለው ዳኛ ደግሞ አስቀድሞ መናገር ይገባዋልና ከቂሜ ልጀምር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ሳለሁ ላገባት የጨረስኳት ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ሄዷል፤ የቀረው ቀን መቁረጥ ነበር። ከወዲያ ወገን አንዲት አክስት «ለማንኛውም ኮከባቸው ይታይ፤ ምን ይጎዳል?» አሉ። ታየ። እኔ እሳት፣ እሷ ውኃ ሆነን ተገኘን። ወይ እሳቱ ይጠፋል፣ ወይ ውኃው ተኖ ያልቃል ተባለ። ማንም እምቢ አላለም፤ ማንም እሺም አላለም። ነገሩ እንደተረሳ ቡና ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። በዓመቱ እኔ ሐረር በአስተማሪነት ተመድቤ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። ከተማዋን መርጬ አልነበረም። ሩቅ መሆኗ ግን አላስከፋኝም።

ሸዋ በር አካባቢ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። አንድ የዝናብ ቀን ቡና ሲያፈሉ ያንኑ መጽሐፍ ከሣጥናቸው ሲያወጡ አየሁና ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፣ «ምን አደረገህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ።

«እኔን» አሉ፣ «አባቴ አንድ ስም አወጣልኝ። ክርስትና ስነሳ ሌላ። ስዳር ደግሞ አማቴ ሦስተኛ አወጡልኝ። እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይሄ መጽሐፍ በየትኛው ስሜ ነው የሚያውቀኝ?»

ከዚህ ወዲያ የምጽፈው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጽሐፉ እንዴት ይሠራል?

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው። ጠያቂው ስሙንና የእናቱን ስም ይናገራል። ቆጣሪው የሁለቱን ስሞች ፊደላት ዋጋ ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ ማለት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እያወጣ ይጥላል። የተረፈው ኮከቡ ነው። 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሰውር፣ 3 ገውዝ፣ 4 ሸርጣን፣ 5 አሰድ፣ 6 ሰንቡላ፣ 7 ሚዛን፣ 8 አቅራብ፣ 9 ቀውስ፣ 10 ጀዲ፣ 11 ደለዊ፤ ምንም ካልተረፈ ሑት። አሥራ ሁለቱም ለአራቱ ባሕርያት፣ ለእሳት፣ ለመሬት፣ ለነፋስና ለውኃ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይከፋፈላሉ።

ከቁጥሩ በኋላ ንባቡ ይመጣል። የንባቡ ቋንቋ ልዩ ነው። አያባብልም፣ አያስረዳም፤ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይናገራል። ሰውየው እንዲህ ያለ ጠባይ አለው፤ ከዚህ በሽታ ይጠንቀቅ፤ ይህ ወር አይስማማውም፤ በዚያ ቀን መንገድ ቢጀምር ይቀናዋል። ከምስጋናው ጎን ሁልጊዜ ነቀፌታ አለ፤ ከነቀፌታው ጎን ማጽናኛ። እጁ ለጋስ የሆነው ገንዘብ አይበረክትለትም፤ ቁጡ የተባለው ሆዱ ቂም አይዝም። ይህ ምልከታ ሰውን ከሁለት በኩል የማየት ጥበብ ነው። ብዙ ልብ ወለዶቻችን ገጸ ባሕርያቸውን ወይ ቅዱስ ወይ ሰይጣን አድርገው በሚቀርጹበት አገር፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድን ሰው ደግም ክፉም አድርጎ ማቆም ቀላል ሥራ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የእያንዳንዳችሁን ጠባይ መርምሬ ጽፌላችኋለሁ» ብሎ አንዳንድ ወረቀት አደላቸው። ተማሪዎቹ ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚገልጣቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ቢጠየቁ በአማካይ 4.26 ሰጡ። የሁሉም ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹም በየመንገዱ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀሙ ነበሩ። እኔም ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ በመጽሐፋችን ውስጥ የራሴን ኮከብ አንብቤ «ይኸማ እኔ ነኝ» ካልኩ በኋላ ተሳስቼ የሌላውን ገጽ ሳነብም ያንኑ ማለቴ ነው። በአንድ ጊዜ ሐመልም አቅራብም ሆኜ አረፍኩ።

ስለዚህ መጽሐፉ እውነተኛ የሚመስለን እኛን ስለሚያውቀን አይደለም። ሰው በአጠቃላይ እንዴት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ለትንቢት ይህ ውርደት ነው። ለሥነ ጽሑፍ ግን ትንሽ ሙገሳ አለበት።

ከዋክብቱ ከወዴት መጡ?

ሐረር ሆኜ ይህን መጽሐፍ ማንበቤ አንድ ነገር ገልጦልኛል። ጀጎል ውስጥ ዐረብኛ ለሚያነብ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአሥራ ሁለቱን ኮከብ ስም ስጠራለት፣ እኔ ሳልጨርስ እሱ ቀድሞኝ ጨረሰው። ሐመል ጠቦቱ፣ ሰውር በሬው፣ አሰድ አንበሳው፣ ሰንቡላ የእህሉ ዛላ፣ ቀውስ ቀስቱ፣ ጀዲ የፍየሉ ግልገል፣ ደለዊ የውኃ መቅጃው፣ ሑት ዓሣው። ደብተራው በድብቅ የሚያሰላቸው፣ እትዬ ከሣጥናቸው የሚያወጧቸው ከዋክብት ዐረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው!

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት ትልቅ ማመሳከሪያ የሆነው «አቡሻኽር» በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ የደረሰው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። የሰማይ ዕውቀት ከግሪክ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብ ወደ ግእዝ ሲሻገር የሃይማኖት ኬላ አላስቆመውም። በተራራ ላይ ያለው ገዳምና በጀጎል ውስጥ ያለው የቁርዓን ቤት ስለ ምድር ሲጣሉ ስለ ሰማይ አንድ መዝገበ ቃላት ይጠቀሙ ነበር። አንባቢ ይህን ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል። እኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ማንም «የኔ ብቻ ነው» ሊለው አይችልም።

የሚቀየረው ስም

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። በምዕራባውያን ኮከብ ቆጠራ ኮከብን የሚወስነው የልደት ቀን ነው። ቀኑ አንዴ አልፏል፤ ማንም አይለውጠውም። የኛው መጽሐፍ ግን የልደት ቀን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስም ነው። ስም ደግሞ ሰው ያወጣዋል፤ ሰው ይለውጠዋል።

የዚህ ነገር ትርጉም ቀላል አይደለም። ስሟን አማቷ የምትለውጥላት ሙሽራ ኮከቧም አብሮ ተለወጠ ማለት ነው። ከበሽታ የዳነ ልጅ ስሙ ሲቀየር፣ መነኩሴ የዓለም ስሙን ሲጥል፣ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው በአዲስ ስም ሲጠራ፣ ሁሉም በስሌቱ መሠረት ከአንድ ኮከብ ወጥቶ ሌላ ኮከብ ውስጥ ይገባል። ዕጣ ፈንታ ተዘግቷል የሚል የሚመስለው መጽሐፍ፣ በሩን ሳይቆልፍ ትቶታል።

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በ«ፍካሬ ኢየሱስ» ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ስለተባለ ነው። ትንቢቱ ሰውን አልጠበቀም፤ ሰውየው ሄዶ የትንቢቱን ስም ለበሰ። በሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት፣ ሐረርን ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ በገዥነት ያስተዳደሩት ተፈሪ መኮንን በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን መንግሥታዊ ስማቸው አደረጉት። ከየመን የመጣው አቡል ፈትሕም ሃይማኖቱን ለውጦ ዕንባቆም ከተባለ በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን ደርሷል። መቀመጫውን ሐረር ላይ ላደረገው ለኢማም አሕመድ የተጻፈውን «አንቀጸ አሚን»ም የደረሰው እርሱ ነው። በኛ አገር አዲስ ሕይወት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስሙን ማደስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይነሣ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ግጥም ከተወ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ነጋዴ ሆኗል። ብዙዎች «ሐረር ላይ ሁለተኛ ሕይወት ጀመረ» እያሉ ያሞካሹታል። ደብዳቤዎቹን ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ስለ መሰልቸት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ድካም ማጉረምረም ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ላይ እስኪሞት ድረስ እረፍት አላገኘም። ሩቅ አገር መሄድ ብቻውን ሰውን አዲስ አያደርግም። ይህን በሻንጣዬ ይዤ ለመጣሁት ለእኔ ከራምቦ የበለጠ አስተማሪ አልነበረም።

ታዲያ እትዬ ያን ቀን በሦስት ስማቸው ከሳቁ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ላንተስ በየትኛዋ እናትህ ቆጠሩልህ?»

ቡናው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ወላጅ እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ አርፋለች። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እናቴ የሚላት አክስቴን ነው። ለቆጣሪው የተነገረውም የእሷ ስም ነበር። አራት ቤተሰብ ያስጨነቀው ያ ስሌት መነሻው ስሕተት ነበር!

ማታውኑ ተቀምጬ በወላጅ እናቴ ስም ቆጠርኩት። ጀዲ ወጣ፤ መሬት። መሬትና ውኃ ደግሞ ይስማማሉ ነው የሚባለው። አንድ ሌሊት ሙሉ ተበድያለሁ እያልኩ በደስታ ተቃጠልኩ። ጠዋት ላይ ግን ደስታዬ አብሮኝ አልተነሣም። ልጅቷ ያኔ ትዳር ይዛለች። ከዚያም በላይ፣ ሁለተኛውን ስሌት ካመንኩ የመጀመሪያውንም ማመን ሊኖርብኝ ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ ኮከባችን ታየ ሲባል እኔም እሷም አንድ ቃል አልተናገርንም። ቁጥሩ የገባው እኛ በተውንለት ባዶ ቦታ ነው። በመጽሐፉ ላይ የያዝኩት ቂም ያን ጠዋት ላላ፤ በራሴ ላይ ግን ትንሽ ጠበቀ።

አሥራ አንዱ ቀን

ስለ ስሌት ካነሣን የከበረውን ከተራው መለየት ይገባል። ባሕረ ሐሳብም እንደ ዐውደ ነገሥት ይደምራል፣ ይገድፋል፣ በተረፈው ይናገራል። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ከልደት በፊት ያለውን 5500 ሲደምሩበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ዋለ። ማንም ተነሥቶ ሊያጣራው ይችላል። ቢሳሳት ይታወቅበታል።

ልዩነቱ ይህ ነው። ባሕረ ሐሳብ ሰማይን ይከተላል፤ ሰማይ ቢያስተባብለው ይቀበላል። የኮከብ ንባቡ ግን ማንም ሊያስተባብለው በማይችልበት ቦታ ቆሞ ነው የሚናገረው። ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንቱ ይህን ያውቁ ነበር። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተጠበቀልን መጽሐፈ ሄኖክ በአንድ በኩል የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ በዝርዝር ያስተምራል፤ በሌላ በኩል የከዋክብትን ጥንቆላ ለሰው የገለጡት የወደቁት መላእክት ናቸው ይላል። በአንድ ጥራዝ ውስጥ የሰማይ ዕውቀት ቡራኬም እርግማንም ነው።

ሐረር ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ሁለት እምነቶችን ሲያገናኝ አየሁ። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ግድም ነው፤ ልዩነቱ 11። በፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም የሚያስተምሩት መሪጌታ አበቅቴን ለማግኘት ወንበሩን በ11 ያበዛሉ። በጀጎል ውስጥ ያለው ሙስሊም ጎረቤታቸው ደግሞ ሙሐረም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ሲመጣ፣ በ33 ዓመት ግድምም ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ ሲመለስ ያያል። አንዱ አሥራ አንዱን በስሌት ይይዘዋል፤ ሌላው በኑሮ ይከተለዋል። ስለዚህ ሐረር ሁለት ዓመት መባቻ አላት፤ መስከረም ላይ የሚቆም፣ ሙሐረም ላይ የሚጓዝ።

የወራባ ገበታ

ሐረሪዎች ጅብን ወራባ ይሉታል። የጀጎል ግንብ ሲሠራ ለወራባ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች ተተውለታል፤ ሌሊት ይገባል፣ የከተማይቱን ጥራጊ ይበላል፣ ይወጣል። ከሙሐረም በአሥረኛው ቀን በሚውለው የዐሹራ በዓል ደግሞ እንግዳ ሆኖ ይጠራል። ቅቤ የገባበት ገንፎ ይዘጋጅለትና ይቀርብለታል። ወራባዎቹ ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ጨርሶ ካልበሉ፣ ወይም አንዳች ሳያስቀሩ ሙልጭ አድርገው ከበሉ ግን ረኃብ ወይም ቸነፈር ያሠጋል፤ ሰዎችም በየአዋቹ መቃብር ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ።

አንድ ዓመት ከባልደረባዬ ጋር ሄጄ አየሁት። ጨለማ ነው፤ ሰው ቆሟል፤ ማንም አያወራም። ከዛፎቹ ሥር ሁለት ዓይኖች አበሩ፤ ከዚያ አራት ሆኑ። ወዲያው አልቀረቡም። አንዱ አዛውንት በሐረርኛ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ። የመጀመሪያው ቀርቦ አሸተተና ተመለሰ። ያን ጊዜ በዙሪያዬ የነበረው ዝምታ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለማስረዳት አልችልም፤ እኔ የማላምነው ሰው እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ይህን ሥርዓት ከዐውደ ነገሥት ጎን አስቀምጬ ስመዝነው ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ የሚጠየቀው የአንድ ሰው ዕድል አይደለም፤ የከተማው ሁሉ ዓመት ነው። ማንም ብቻውን እድለኛ፣ ማንም ብቻዋን ባል የማይበረክትላት አትሆንም። ሁለተኛ፣ ክፉ ምልክት ቢመጣ የመጨረሻ ቃል አይሆንም። ሰው ይሰበሰባል፤ የተጣላ ጎረቤት እንኳ ለዱዓ ጎን ለጎን ይቆማል። ሦስተኛ፣ መልካሙ ምልክት ጥቂት የሚተርፍበት ነው። ሙልጭ ያለ ገበታ የጥጋብ ምልክት ሊመስለን ይችል ነበር፤ ሐረሪዎች ግን እንደ ሥጋት ይቆጥሩታል።

ለፍትሕ ሲባል፣ ዐውደ ነገሥትም ክፉውን ነግሮ ዝም አይልም። ከእያንዳንዱ ክፉ ወር ጋር ጸሎት፣ ምጽዋት፣ የሚታረድ ነገር ያዝዛል። ይህ የቀድሞዎቹ ንባቦች የጋራ ጨዋነት ነው። የዘመኑ ጋዜጣና መጽሔት «ኮከብዎ ምን ይላል?» የሚለው ዐምድ ግን ይህንም ጥሏል። ስሞቹን ከዐውደ ነገሥት ወሰደ፤ አቆጣጠሩን ከአውሮፓ በልደት ቀን አደረገ። የእናት ስም ወጣ፤ መድኃኒቱም ወጣ፤ የቀረው «በዚህ ሳምንት መልካም ዜና ይሰማሉ» ብቻ ሆነ። ከሁለት ባህል ተቀድቶ ሁለቱንም ያቀጠነ ጽሑፍ ነው።

ጥፋቱን ሳንሸፍን

ሙገሳዬ እዚህ ይብቃ። መጽሐፉ ያደረሰውን ጉዳት ያልተናገረ ሒስ ሒስ አይባልም። «ኮከቧ ባል አያበረክትም» ተብላ ወጣትነቷን የጨረሰች ሴት በየሰፈሩ አለች። ሕመሙ በሐኪም የሚድን ሆኖ ሳለ «ኮከቡ ነው» እየተባለ ጊዜ ያለፈበት ሕፃንም አለ። ለዶሮው ቀለም፣ ለበጉ ጠጉር ሲባል የተበደረ ድሃ አለ። መድኃኒት የሚያዝዘው ሰው መድኃኒቱን ሻጭም ሲሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያሻም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጠንቋይ ዘንድ መሄድን የሚያወግዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሥነ ጽሑፍ አንጻርም አንድ ትልቅ ድካም አለበት። መጽሐፉ ጠያቂውን አይጠይቀውም። ስሙን ይወስዳል፤ ነገሩን ግን አይሰማም። እትዬ አንድ ቡና እስኪፈላ ድረስ ብቻ አዳምጠውኝ፣ «በየትኛዋ እናትህ?» ብለው ያገኙትን፣ መጽሐፉ በገጹ ሁሉ አላገኘውም። ጥሩ ድርሰትና ጥሩ ጎረቤት የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከመፍረዳቸው በፊት ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ለአዲስ ጅማሬ እምነት ከወዴት ይመጣል? ከከዋክብት ነው እንዳልል ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት ኮከብ አግኝቻለሁ። ከልምድ ብቻ ነው እንዳልል ደግሞ ልምዴ ብዙውን ጊዜ የነገረኝ «ተወው» የሚል ነው። እኔ ያገኘሁት በመካከል ነው። ሰው ዓመትን የሚቆጥረው፣ ስም የሚያወጣው፣ ገንፎ ይዞ ጨለማ ውስጥ የሚቆመው የሚመጣውን ስለሚያውቅ አይደለም። ባያውቀውም ሊቀበለው መዘጋጀቱን ለራሱና ለጎረቤቱ ለማሳየት ነው። ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል፤ ዝግጅቱ ግን ያው ዝግጅት ነው። ይህን የሚያስታውሰንን መጽሐፍ አላቃጥለውም። እየጠየቁ ሊያነቡት ይገባል እላለሁ።

እትዬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ለቀብራቸው ፍትሐት የተጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ ልጆቻቸው ያለቀሱት አማታቸው ባወጡላቸው ስም፤ ከሩቅ የመጡት ወንድማቸው ደግሞ አባታቸው ባወጡት። በሦስቱም ተለቀሰላቸው። በሦስቱም ስሞች ውስጥ የእናታቸው ስም አንድ ነበር።

ያን የዐሹራ ሌሊት ወራባዎቹ በመጨረሻ በሉ። ሲሄዱ አዛውንቱ ባትሪ አብርተው ገበታውን አዩና ከጥግ በኩል የተረፈውን በጣታቸው አሳዩን። ባልደረባዬ ክንዴን ያዘኝ። ሰው ሁሉ ድንገት ማውራት ጀመረ። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ቀስ ብዬ ጠራሁ።